ለሊሴና ስድስት ሺህ አንድ መቶ ሰባ አራት

ካቺሲ የሄድኩት ለቅሶ ለመድረስ ነበር። አምቦ ለብዙ ዓመት እኔ ሒሳብ እሱ ፊዚክስ እያስተማርን አብሮኝ የሠራ ጓደኛዬ ጡረታ ሲወጣ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ፣ እዚያው ታሞ እዚያው ዐረፈ። ስልክ ስለማይሠራ መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረ ሰንብቶ ነው። መንገዱ ተከፈተ ሲባል ማልጄ ተነሳሁ፤ ጊንጪ ላይ ወርጄ ሌላ መኪና ቀየርኩና ወገቤ እስኪላቀቅ ተንገጫግጬ ረፋዱ ላይ ካቺሲ ገባሁ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የሟቹን ልጆች አጽናናሁ። ከምሳ በኋላ የመመለሻው መኪና እስኪሞላ ገበያው ዳር ካለች አንዲት ሱቅ ገባሁና ውሃ ጠየቅሁ።

ባለሱቋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳሙና ትደረድር ነበር። «ቀዝቃዛ የለም፤ መብራት ከጠፋ ሰነበተ» አለች ሳትዞር። ድምፁን ወዲያው አወቅሁት። ፊቷን ያየሁት በኋላ ነው። ሻሽ አስራለች፣ ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፣ ጉንጯ ከስቶ ጠቁሯል፤ ግን ራሷ ነበረች።

«ለሊሴ?»

የያዘችውን ሳሙና አስቀመጠች። «ቲቸር» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከባንኮኒው ጀርባ በርጩማ አወጣች፣ አቧራውን በእጇ ጠረገችና ሰጠችኝ።

ያቺን ልጅ የማውቃት አምቦ ሌላ አምቦ በነበረችበት ጊዜ ነው። ልጆቼ ሩቅ አይደለም ይሉኛል፤ አሥር ዓመት ምን አላት ይላሉ። ለእኔ ግን የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ከተማዋ በድሮ ስሟ «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ከተጻፈችበት ዘመን ይልቅ ይህኛው ይርቀኛል። ያኔ ሻይ ሁለት ብር ነበር፤ ሦስት ብር ያደረገውን ባለሻይ ቤት ሳምንቱን ሙሉ ስናማው እንከርም ነበር። ልጃገረዶቹ ሹሩባቸው ውስጥ የቀለም ክር ያስገባሉ፤ ወንዶቹ እግር ላይ የሚጣበቅ ጂንስ ለብሰው ፀጉራቸውን ወደ ላይ ያቆማሉ። ከሁሉቃ ድልድይ ወዲህ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ተደርድረው፣ እያንዳንዱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ የከረመ የኦሮምኛ ዘፈን ይለቅ ነበር። የትኛው ዘፈን ለመደነሻ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ሰው እንደሚያሳስር ሁላችንም እናውቃለን። የፖሊሱ ፒካፕ መኪና ሲያልፍ ድምፁ ይቀነሳል፤ ታጥፎ ሲሰወር ይጨመራል። አንዳንድ ጠዋት ከተማዋ ጭር ትላለች፤ ሱቅ አይከፈትም፣ ባጃጅ አይወጣም። በዚያ ቀን ትምህርት ቤት የሚመጡት የአድማው ወሬ ያልደረሳቸው ልጆች ብቻ ናቸው። ለሊሴ ከነሱ አንዷ ነበረች። ከደንዲ ገጠር መጥታ፣ ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር። ሰማያዊው የዩኒፎርም ሹራቧ ክርኑ ላይ አልቆ በሌላ ሰማያዊ ክር ተጠግኗል፤ ኪሱ ውስጥ ከቤት የተላከላት የገብስ ቆሎ አይጠፋም። ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም። ፈተና ላይ ግን የእሷን ወረቀት የማርመው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ደስታውን ለማቆየት።

የሒሳብ ክበባችን እሮብ እሮብ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰብ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው ክፍል መስኮቷ ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኖ ነበር። አንድ እሮብ ልጆቹ ሲያዛጉ አየሁና፣ ኮሌጅ ሳለሁ በጨዋታ የተማርኩትን አንድ ነገር አመጣሁ። «አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ጥሩልኝ፤ አራቱም አሃዞች አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን አይሠራም» አልኳቸው። አንዱ ከኋላ 3524 አለ። አሃዞቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ስንደረድራቸው 5432 ሆኑ፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ 2345። ከትልቁ ትንሹን ስንቀንስ 3087 መጣ። እሱንም እንደዚያው አደረግነው፤ ከ8730 ላይ 0378 ሲቀነስ 8352። እንደገና፤ ከ8532 ላይ 2358 ሲቀነስ 6174። «ቀጥሉ» አልኳቸው። ከ7641 ላይ 1467 ሲቀነስ፣ ያው 6174። ከዚያ ወዲያ ወዴትም አይነቃነቅም። ልጆቹ የተወለዱበትን ዓመት ሞከሩ፣ የስልካቸውን የመጨረሻ አራት ቁጥር ሞከሩ፣ የዳይሬክተሩን መኪና ሰሌዳ ሞከሩ። አንዱ ቶሎ ደረሰ፣ አንዱ ዘገየ፤ ግን ከሰባት ቅነሳ በላይ የወሰደበት የለም፤ ሁሉም የደረሰው እዚያው ነው።

«ቲቸር፣ ይሄ ቁጥር ጤና የለውም» አለ አንዱ፤ ሳቁ። ለሊሴ አልሳቀችም። ሰው ሁሉ ሲወጣ ሰሌዳው ፊት ቆማ ቀረች።

«ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሁሉም እዚህ የሚመጣው። ሁሉንም ሞክሮ ያየ ሰው አለ?»

«በኮምፒውተር ሁሉም ተሞክሯል።»

«እሱ መሆኑን ነው የሚነግረን። ምክንያቱን አልነገረንም።»

እኔም ምክንያቱን ጠይቄ እንደማላውቅ ነገርኳት። ቅር አላላትም። እንዲያውም የተደሰተች መሰለኝ፤ ገና ማንም ያልነካው ሥራ ያገኘች ያህል።

በዚያው ሰሞን ከተማዋ ተዘጋች። እንዴትና ለምን እንደሆነ የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ ያልነበረ ሰው ደግሞ ብነግረውም አይገባውም። ትምህርት ቆመ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የግቢያችን በር ተንኳኳ፤ ባለቤቴ ከፍታ ለሊሴን ስታይ ደነገጠች። «በዚህ ቀን የምትወጪው አብደሽ ነው ወይ ልጄ?» አለቻት። «ቲቸርን ላናግር ነው» አለች ለሊሴ፤ በረንዳችን ላይ ቁጢጥ አለችና ከማንደጃው አጠገብ አንድ ከሰል አንስታ ሲሚንቶው ላይ መጻፍ ጀመረች።

«ከደረደርናቸው በኋላ ጫፍና ጫፍ ያሉትን፣ መሃል ያሉትን ደግሞ ለብቻ ይዩአቸው» አለችኝ። «አሃዞቹ እነማን እንደሆኑ ለውጥ የለውም። ልዩነታቸው ብቻ ነው የሚቆጠረው።» 5432 ጻፈች፤ ከጎኑ 9876 ጻፈች። የሁለቱም ጫፎች በሦስት ይለያያሉ፤ መሃሎቹ በአንድ። ሁለቱን ለየብቻ ሠራቻቸው፤ ሁለቱም 3087 ሰጡ። «የጫፎቹ ልዩነት በዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ይባዛል፣ የመሃሎቹ በዘጠና፤ ከዚያ ይደመራሉ። በቃ ይኼው ነው። ስለዚህ አሥር ሺህ ቁጥር መሞከር የለብንም፣ ቲቸር። ያሉት ሃምሳ አራት ዓይነት ብቻ ናቸው። ሃምሳ አራቱንም በእጄ ሠራኋቸው። ሁሉም እዚያው ይገባሉ።»

አጠገቧ ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር አየሁት። ስህተት የለውም። ስንት ዓመት አስተምሬ፣ ማንም ያላዘዘውን ጥያቄ ራሱ ጠይቆ ራሱ የጨረሰ ተማሪ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሌላም አለ» አለችኝ፣ እኔ ገና ከዚያኛው ሳልወጣ። «አሃዞቹ ሲደመሩ አሥራ ስምንት ናቸው። ቁጥሩን ለአሥራ ስምንት ቢያካፍሉት የሚመጣው ሰባት በሰባት በሰባት ነው። ደግሞ አሥራ ስምንትን አንዴ፣ በራሱ አባዝተው፣ እንደገና በራሱ አባዝተው፣ ሦስቱን ቢደምሯቸው ራሱ 6174 ይመጣል። ይህኛው ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት እንዲያው ገጥሞ ይሆናል።» በዋናው መንገድ በኩል የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ባለቤቴ ሁለታችንንም ወደ ቤት አስገባችን። ለሊሴ ጣቶቿ በከሰል ጠቁረው፣ የቀረበላትን ሽሮ እየበላች፣ ስለ ተኩሱ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ያን ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

አባቷ አቶ ቶሌራ፣ በአገሩ አጠራር ኦቦ ቶሌራ፣ ከተማው ሲረጋጋ አምቦ መጣ። ቡሉኮ ደርቦ፣ ጃንጥላውን እንደ ምርኩዝ ይዞ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። «ባርሲሳ» አለኝ፣ አስተማሪ ማለቱ ነው፤ «ልጄ ቤት ስትመጣ ስለ አንድ ቁጥር ታወራለች። ይህ ቁጥር ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም፣ ኦቦ ቶሌራ።»

መሬቱን በጃንጥላው ጫፍ ጫር ጫር አደረገ። «ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ትልቅ ቦታ ትደርሳለች።»

«እርስዎ ካሉ» አለኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ዝናብ በከዳቸው ዓመትም፣ የሚጠመደው በሬ በሞተበት ዓመትም አላስቀራትም።

ፈተናውን አለፈች፤ ሒሳብን መረጠች፤ የደረሳት ዩኒቨርሲቲ ግን ሩቅ ነበር፣ ሁለት ቀን በመኪና። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ያኔ ሰው ሁሉ ተስፋ ያደረገበት ሰሞን ነበር፤ ባጃጆቹ ሁሉ ባንዲራ አስረዋል፣ ያ በፊት የሚያሳስረው ዘፈን አሁን በአደባባይ ይዘፈናል፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ይተቃቀፋሉ። እሷም አዲስ ሮዝ ቦርሳ ይዛ፣ ስፖንጅ ፍራሿን ጠቅልላ በገመድ አስራ፣ ስትስቅ ጥርሷን በእጇ መሸፈን ረስታለች። እሁድ እሁድ ትደውልልኝ ነበር። «ቲቸር፣ ባለአምስት አሃዙን ያዝኩት» አለችኝ አንዴ። «እሱ አንድ ቦታ አይቆምም። ሦስት ክቦች አሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ውስጥ ይገባና ሲዞር ይኖራል። ለምን ባለአራቱ ቆሞ ባለአምስቱ እንደማይቆም ማወቅ እፈልጋለሁ። እዚህ አንድ አስተማሪ አግኝቻለሁ፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ አብረን እንሠራበታለን ብለውኛል።»

ሦስተኛ ዓመት ግን አልደረሰችም። ዩኒቨርሲቲዎቹ ውስጥ ልጆች በቋንቋቸው ተለያይተው መፈራራት የጀመሩበት ጊዜ መጣ። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ የማደሪያዋ በር ላይ የሆነ ነገር ተጽፎ አገኘች፤ ምን እንደነበር ነግራኝ አታውቅም። በለበሰችው ልብስ መኪና ተሳፈረች። ጊንጪ ድረስ ሄጄ አገኘኋት፤ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሻይ አምስት ብር ገብቶ ነበር። «ሲረጋጋ እመለሳለሁ፣ ቲቸር። ፍራሼም እዚያ ነው ያለው» አለችኝ። ሲረጋጋ የኮሮና በሽታ መጣና ሁሉም ተዘጋ። በሽታው ሲያልፍ የተዘጋው መንገዱ ነበር። እኔ በበኩሌ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። እዚህ አጠገባችን ያለው ዩኒቨርሲቲ አስገቧት ብል፣ ከነበረችበት መሸኛ ታምጣ አሉኝ። የነበረችበት ዩኒቨርሲቲ ድረስ ባስደውል፣ ለመሸኛው በአካል ትቅረብ አሉ። በአካል ለመቅረብ መንገድ ያስፈልጋል። የማናግራቸው ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ አንዷ እንዲያውም ወንበር ሰጥታ ውሃ አስመጥታልኝ፣ በሐዘኔታ እያየችኝ ነው የማይሆን መሆኑን የነገረችኝ። ከዚያ በምዕራብ በኩል ስልክ ጠፋ። ቁጥሯን ስደውል የምሰማው ያችኑ የተቀዳች ሴት ነው። ካቺሲ አክስቷ ዘንድ ሄደች የሚል ወሬ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬም አልሰማሁ። እኔም ጡረታ ወጣሁ። የክበቡ ክፍል አሁን የተሰባበረ ወንበር ማጠራቀሚያ ነው። አንዳንዴ በዚያ ሳልፍ ተማሪዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው አያለሁ፤ ስለ ሱዳን መንገድና ስለ ደላላ ሲያወሩ ነው የምሰማቸው። ምን ብዬ እንደምቆጣቸው አላውቅም። ተማሩ ብዬ እንዳልል፣ የተማሩትን አይተዋል።

ካቺሲ ሱቅ ውስጥ በርጩማው ላይ ተቀምጬ የጠየቅኋት መጀመሪያ ስለ አባቷ ነው።

«ዐርፏል» አለችኝ። «እኔም አልቀበርኩትም። መንገድ ተዘግቶ ነበር።»

ነፍስ ይማር አልኩ። አንዲት ሴት ዘይት ልትገዛ ገባች፤ ለሊሴ በጆግ ሰፍራ ሸኘቻትና ተመልሳ ባንኮኒውን ተደገፈች። ያኔ ከአምቦ እስከዚያ ድረስ ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ። «አሁን እኮ መንገዱ ተከፍቷል፣ ለሊሴ። አምቦ በክረምትም ያስተምራሉ፣ ቅዳሜና እሁድም አለ። የማውቃቸው ሰዎች ገና አሉ። እኔ ራሴ ሄጄ…»

«ቲቸር» ብላ አቋረጠችኝ። «አምናም ተከፍቶ ነበር። ተመልሶ ተዘጋ።»

«ቢሆንስ?»

«አቅቶኝ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ገበያ ጭር ሲል እሞክር ነበር። ሃምሳ አራቱን እስካሁን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። አንድ ቀን እየሠራሁ ልቤን አዳመጥኩት፤ ምንም የለም። ድሮ ገና ስጀምር እዚህ ጋ» አለችና ደረቷን ነካች፣ «አንድ ነገር ይሞቀኝ ነበር። ያ የለም። ዝም ብሎ ቅነሳ ሆነብኝ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ተውኩት።»

ሕይወቴን ሙሉ አልገባኝም ያለ ልጅ ሲያጋጥመኝ በሌላ መንገድ አስረዳ ነበር። ለዚህ ሌላ መንገድ አላገኘሁለትም።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለችኝ። «እዚህ ስመጣ አክስቴ ለሰው ሁሉ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነው የመጣችው ብላ ነው የተናገረችው። ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ መንገድ የተከፈተ ቀን ትሄዳለች ብለው ይፈራሉ፤ ማንም አያገባትም። ባለቤቴም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ቲቸር። አሁን ቢሰማ ዕድሜ ልኩን መንገድ መንገዱን ሲያይ ይኖራል።»

ንግግሯን ሳትጨርስ ባልየው ግማሽ ኩንታል ስኳር ተሸክሞ ገባ። ገመቹ ይባላል። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ ፈገግታ የለመደ ወጣት ነው። ስኳሩን አውርዶ እጁን በሱሪው ጠራረገና እንግዳ መሆኔን አይቶ «አካም ጅርቱ» ብሎ ጎንበስ አለልኝ።

«ከአምቦ ናቸው» አለችው ለሊሴ። «የአባቴ ወዳጅ ናቸው።»

በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «አማቼን እኮ በዓይኔ ሳላያቸው ነው የሞቱብኝ» አለ። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«የሰው ቃል ካመኑ የማይለቁ ሰው ነበሩ» አልኩት።

«እሷም እንደዚያ ናት» አለ፣ ደስ ብሎት ወደ እሷ እየጠቆመ። «ደግሞ ሒሳቧን ቢያዩ። አሥረኛ ብቻ ጨርሳ፣ ካልኩሌተር ይዛ አታውቅም። ነጋዴው ሁሉ ይገረምባታል። ቀጥለሽ ብትማሪ ኖሮ የት በደረስሽ እላታለሁ፤ ትስቅብኛለች። ማንም አላስተማራትም፤ እግዜር ነው እንዲያው የሰጣት።»

«ልክ ነህ» አልኩት። «ማንም አላስተማራትም።»

«እርስዎስ ምን ሥራ ላይ ነበሩ?»

ለሊሴ ስኳሩን በኪሎ በኪሎ እየመዘነች ላስቲክ ውስጥ መክተት ጀምራለች። ቀና አላለችም።

«የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ» አልኩት። «አሁን ጡረታ ነኝ።»

ከውጭ የመኪናው ረዳት «ጊንጪ፣ ጊንጪ» እያለ ሲጣራ ተሰማ። ገመቹ እንዳድር ለመነኝ፤ አልችልም አልኩ። የውሃውን ሒሳብ ልሰጥ ብል ሁለቱም አንድ ላይ እምቢ አሉ። በሩ ላይ ስደርስ ዞር አልኩ። ለሊሴ ባሏ አጠገብ ቆማ፣ እጆቿ ላይ የስኳር ዱቄት ነጭ ሆኖ፣ ሰው ለአባቱ ወዳጅ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብላ ተሰናበተችኝ።

«ደህና ይግቡ፣ ኦቦ» አለችኝ።